ስለ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ በእኅቴ ቤት የተነሣ ክርክር

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና ብዙ ጊዜ ተጽፎ አንብበናል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን ዴዉስ ኤክስ ስለሚባል አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ለጨዋታ ይህን ያህል ቀለም ማፍሰስ ምን ይረባል የሚለኝ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ጨዋታው በንፋስ መውጫ ከተማ በእኅቴ ቤት ገብቶ እናትን ከልጅ ያከራከረ፣ እኔንም በሽምግልና ያስቀመጠ ስለ ሆነ፣ የልጆችም ነገር በየቤቱ ተመሳሳይ ስለ ሆነ፣ የታዘብሁትን ብጽፍ ለሌሎች ወላጆች ይጠቅም ይሆናል ብዬ አሰብሁ።

ጨዋታው በ1992 ዓ.ም. በሰኔ ወር የወጣ ነው። የሠራውም በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ግዛት በኦስቲን ከተማ የነበረው የአዮን ስቶርም ማኅበር ቅርንጫፍ ሲሆን፣ የሥራው አለቃ ዋረን ስፔክተር፣ የንድፉ መሪ ደግሞ ሃርቪ ስሚዝ ነበሩ። ወገኑ ሳይበርፐንክ ከሚባለው ነው። ሳይበርፐንክም ዊልያም ጊብሰን የተባለው ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1984 ኒውሮማንሰር የሚባለውን መጽሐፍ ካወጣ ወዲህ በዓለም የታወቀ የልብ ወለድ ዓይነት ነው፤ ወደ ፊት በሚመጣው ዘመን የመሣሪያ ጥበብ እጅግ ረቅቆ፣ የሰው ልጅ ኑሮ ግን ከቀድሞው ይልቅ ተዋርዶ፣ ጥቂት ባለጸጎች በስውር መንግሥታትን ሲያዝዙ ያሳያል። የዴዉስ ኤክስም ታሪክ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ2052 ነው። ዓለሙን ግራጫ ሞት የሚባል ወረርሽኝ ይዞታል። መድኃኒቱ አምብሮዥያ ይባላል፤ ጥቂት ስለ ሆነም የሚደርሰው ለሹማምንትና ለባለጸጎች ነው፤ ድኻው በየመንገዱ ዳር ሲያስል ይሞታል። ኋላም እንደሚገለጸው በሽታውን የፈጠሩት እነዚያው መድኃኒቱን በእጃቸው የያዙት ሰዎች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የኮሮና ክትባት በአገራችን መሰጠት ሲጀምር ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ እንዴት እንደሚከብድ ስላየን፣ ይህ የድርሰቱ ክፍል ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ተጫዋቹ ጄሲ ዴንተን የሚባል የፖሊስ ሠራዊት ሰው ሆኖ ሁሉን በእርሱ ዓይን ያያል፤ በፊቱ የሚታየው የያዘው መሣሪያና ከፊት ለፊቱ ያለው ነገር ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ከሌሎቹ የተኩስ ጨዋታዎች አይለይም። የሚለየው ሰውዬው እንደ ተጫዋቹ ፈቃድ የሚያድግ በመሆኑ ነው። ሥራ በሠራ ቁጥር ነጥብ ያገኛል፤ በነጥቡም ጠመንጃ መተኮስን፣ መዋኘትን፣ ቁስል ማከምን፣ ቁልፍ መክፈትን፣ ከኮምፒዩተር ውስጥ ምሥጢር ማውጣትን ይህንም የመሰለውን የወደደውን ትምህርት ይማራል። ትምህርቱ 11 ዓይነት ሲሆን እያንዳንዱ 4 ደረጃ አለው፤ ሁሉን ለመማር ግን ነጥቡ አይበቃም። ደግሞ በአካሉ ውስጥ የሚገባ ረቂቅ መሣሪያ አለ። ለምሳሌ ለእግሩ ወይ ፈጥኖ መሮጥን፣ ወይ ኮቴ ሳያሰሙ መራመድን ይመርጣል፤ አንዱን ከመረጠ ሌላውን እስከ መጨረሻው አያገኘውም። የተቈለፈ በር በገጠመው ጊዜ አንዱ ቁልፉን ሲፈልግ፣ አንዱ በፈንጂ ሲሰብረው፣ ሌላው በጣራ በኩል ወይም በአየር ማስገቢያው ቱቦ በሆዱ ተስቦ ሲገባ፣ ሌላው ደግሞ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተነጋግሮ የመክፈቻውን ቁጥር ሲቀበል ይታያል። ሁሉም መንገድ ያደርሳል። ይህ በጨዋታ ዓለም በዚያን ጊዜ ብዙ ያልተለመደ ነበር።

ጉድለቱን መሸፈን አልፈልግም። የሰዎቹ ፊት ከእንጨት የተጠረበ ይመስላል፤ ይህም ዛሬ ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ በወጣበት ዓመት እንኳ ከእርሱ የተሻለ ሥዕል ያላቸው ጨዋታዎች ነበሩ። በሆንግ ኮንግ ከተማ ያሉት ሰዎች እንግሊዝኛ ሲናገሩ አነጋገራቸው ለቻይና ሰው የሚያሳፍር የውሸት አነጋገር ነው። ልዩ ተብሎ የሠለጠነው ዴንተንም ነጥብ እስኪያገኝ ድረስ ጠመንጃ ሲያነጣጥር እጁ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። ከሁሉ የሚያስቀው የዘበኞቹ ነገር ነው። ጓደኛው በአጠገቡ ሲወድቅ እየጮኸ ይሮጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ነፋስ ይሆናል እንዳለ ሰው ወደ ቦታው ተመልሶ ይቆማል። የንፋስ መውጫ ዘበኛ ቢሆን እንኳ በነፋስ ይህን ያህል አያመካኝም። የኒው ዮርክም ከተማ በሩቅ ሲታይ ሁለቱ መንትያ ሕንፃዎች የሉበትም፤ ሠሪዎቹ እንደ ተናገሩት የኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ስላልበቃቸው ትተዋቸው፣ ምክንያት ይሁን ብለው በአሸባሪዎች ፈርሰዋል የሚል ታሪክ ጨመሩበት። ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1994 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን፣ በእኛ የዘመን መለወጫ ዕለት፣ ሕንፃዎቹ በእውነት ፈረሱ። የጨዋታው ተከታዮች በ1996፣ በ2003ና በ2008 ዓ.ም. ወጥተዋል፤ ሥዕላቸው ያምራል፤ እኔ ግን ያየሁት የፊተኛውን ስለ ሆነ የምናገረውም ስለ እርሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ነገር ልመለስ። ንፋስ መውጫ ስሟ እንደሚመሰክረው ከጉና ተራራ በስተ ምሥራቅ በደጋ የተቀመጠች፣ ከባሕር ወለል ወደ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፣ ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የላይ ጋይንት ከተማ ናት። በክረምት ምሽት ጋቢ ተከናንቦ እሳት ዳር ከመቀመጥ በቀር ለሰው ብዙ መዝናኛ የላትም። የእኅቴ ታላቁ ልጅ በመኪና ጋራዥ የሚሠራ ጐልማሳ ነው፤ ከባሕር ዳር ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቶ ለታናሽ ወንድሙ አመጣለት፤ ጨዋታው የተጫነው በዚህ ነው። ያረጀ መሆኑ ጥቅም ነበረው፤ ሌሎች ለመጣል የሚያስቡት ኮምፒዩተር ይሸከመዋል፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪው ጥቂት ይቈያል፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ስልካቸውን ታቅፈው ሲቀመጡ፣ የእኅቴ ልጅ ግን ጨዋታውን አላቋረጠም። እንግሊዝኛውንም ከዚሁ ተማረ፤ የማያውቀውን ቃል በደብተር እየጻፈ መምህሩን ሲጠይቅ ከርሞ፣ ዛሬ በክፍሉ በእንግሊዝኛ የሚቀድመው የለም።

እናቱ ግን አልወደደችውም። ምክንያቷንም ማንም ሊንቀው አይችልም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም. ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን ድረስ፣ ከተማችን በጦር ተይዛ ነበር። በዚያ ሰሞን በከተማው ሴቶች ላይ የደረሰውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ጽፎ ለዓለም አውጥቶታል፤ በዚህ ገጽ ልደግመው አልፈልግም። እኅቴ ያን ጊዜ የ10 ዓመት የነበረውን ታናሹን ልጅ ይዛ በሌሊት በእግሯ ወደ ገጠር ወደ ዘመዶቻችን ሄደች። እናታችን ግን በእርጅና ምክንያት መራመድ አትችልም ነበር፤ ስለዚህ ታላቁ ልጅ፣ ያን ጊዜ 19 ዓመቱ፣ ከአያቱ ጋር ቤት ቀረ። እኔ ለሥራ በባሕር ዳር ነበርሁ። እግዚአብሔር ይመስገን ሁለቱም ተርፈው ተገኙ፤ እናታችንም ከሁለት ዓመት በኋላ በዕድሜዋ ጠግባ ዐረፈች። ነገር ግን ልጁ በእነዚያ ቀኖች ምን እንዳየ ለማንም አልተናገረም። በቤቱም ስለዚያ ነገር መጠየቅ ቀረ።

እንግዲህ እኅቴ አንድ ቀን ማታ ወደ እኔ መጥታ፣ «ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ይፍረዱኝ፤ በቤቴ ከእንግዲህ የጠመንጃ ድምፅ መስማት አልፈልግም። ከሣጥን ውስጥም ቢወጣ ለእኔ ያው ጠመንጃ ነው» አለችኝ። ልጁን ብጠይቀው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ መጥተው ይዩ እንጂ፣ እኔ እኮ ሰው አልገድልም» አለኝ። የተኩስ ጨዋታ እየተጫወተ ሰው አልገድልም ማለቱ እንቆቅልሽ ስለ ሆነብኝ፣ ሳላይ መፍረድ አይገባኝም ብዬ ለሦስት ሳምንት ያህል ማታ ማታ ከአጠገቡ ተቀመጥሁ።

በነገራችን ላይ ጦርነትን በጨዋታ መምሰል በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ከሹማምንታቸው ጋር ሰንጠረዥ ሲጫወቱ እንዳየ ጽፏል። የእኛ ሰንጠረዥ ከአውሮፓው የሚለየው በአጀማመሩ ነው፤ የመጀመሪያው ሠራዊት እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠበቅ ሁለቱም ወገን በየፊናው ያሰልፋል፤ ተራ መጠበቅ የሚጀመረው አንዱ ከተበላ በኋላ ነው። የቀድሞ መኳንንት የጦር አሰላለፍን በዚህ ይለማመዱ ነበር ቢባል የሚያስገርም አይመስለኝም። በሰንጠረዥ ላይ ግን የሚበላው እንጨት ወይም የዝሆን ጥርስ ነው፤ አይለምንም፤ እጁንም አይሰጥም።

በዴዉስ ኤክስ ግን እጁን የሚሰጥ አለ። ልጁ በሰው ላይ ሞት እንዳያመጣ የሚተጋበትንም ምክንያት ከዚህ አየሁት። በመጀመሪያው ሥራ፣ ራሱ በፈንጂ በወደቀው በነፃነት ሐውልት አጠገብ፣ የዴንተን ታላቅ ወንድም ጳውሎስ ከሦስት መሣሪያ አንዱን ምረጥ ይለዋል፤ ሳይገድል የሚያስተኛውንም እንዲመርጥ ይመክረዋል። ሰው ሳይገድሉ የሐውልቱ ጫፍ መድረስ ይቻላል፤ እጅግ ግን ያደክማል፤ በጨለማ ተደብቆ የዘበኛውን መዞር መጠበቅ፣ ከኋላው መምጣት፣ የሚያስተኛ ቀስት ወርውሮ እስኪወድቅ መታገሥ ያስፈልጋል። ሥራው አልቆ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ሹም ሽማግሌው ሳም ካርተር ያደረገውን ሁሉ ሰምቶ ይጠብቀዋል፤ ብዙ ሰው ገድሎ እንደ ሆነ ይወቅሰዋል። አና ናቫሬ የምትባለው ባልደረባው ደግሞ በተቃራኒው ገዳዩን ታመሰግናለች። ጨዋታው የማያየው ነገር ጥቂት ነው። የእኅቴ ልጅ ስቶ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ቢገባ፣ አለቃው ስለዚያ ነገር በጽሕፈት ቤቱ ሲገሥጸው ሰምቼ ብዙ ሳቅሁ። በመሥሪያ ቤት የኖርን ሰዎች ይህን የመሰለውን ወሬ ማን ወደ አለቃ እንደሚያደርሰው እናውቃለን።

ነገሩ የከበደው በአውሮፕላኑ ውስጥ ነው። ሌበዴቭ የሚባለው የጠላት መሪ መሣሪያ ሳይኖረው እጁን ሰጥቷል። አና ናቫሬ ግደለው ብላ ታዝዛለች። ተጫዋቹ ትእዛዝ ነው ብሎ መግደል ይችላል፤ እርሱ ባይፈጽመው እርሷ ራሷ እንድትገድለው ዝም ማለትም ይችላል፤ ወይም በገዛ ባልደረባው ላይ መነሣት ይችላል። ልጁ እዚህ ቦታ ሲደርስ እጁን ከኮምፒዩተሩ አንሥቶ ወደ እኔ ዞረና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ በመንግሥት ሥራ ኖረዋል፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ቢመጣ ምን ይደረጋል?» አለኝ። እጁን የሰጠ ሰው መግደል በሕግም በሃይማኖትም የተከለከለ መሆኑን ነገርሁት። «ታዲያ እርሷን ማን ይከለክላታል?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከጨዋታው ይልቅ እኔ ዘገየሁ። ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ የ15 ዓመት ልጅ ይህን እንዲጠይቅ የሚያደርግ መጽሐፍ ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ክፍል ልጁ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ አንድ ጊዜ እስከዚያ ደርሶ ነበርና። ጳውሎስ የመንግሥቱን ተንኰል ስላወቀ ከድቶ፣ ታምሞ በአንድ ድኻ ሆቴል ተኝቷል፤ የሚያሳድዱት ወታደሮች ሆቴሉን ይከብባሉ። ታናሽ ወንድሙን፣ እኔን ትተህ በመስኮት ውጣ ይለዋል። በመስኮት ከወጣ ጳውሎስ ይሞታል፤ ቆይቶ በበሩ በኩል ከወጣ ግን ይተርፋል። ይህንንም ጨዋታው ለማንም አይናገርም። በሁለቱም መንገድ ዴንተን ኋላ መያዙ አይቀርም፤ ልዩነቱ በእስር ቤቱ ውስጥ ወንድሙን በሕይወት ማግኘቱ ወይም ሬሳውን ማየቱ ነው። ልጁ በመጀመሪያው ጊዜ እንደ ታዘዘው በመስኮት ወጥቶ፣ ኋላ ሬሳውን ባገኘ ጊዜ ለብዙ ቀን ኮምፒዩተሩን ሳይከፍት እንደ ቈየ በዚያች ሌሊት ነገረኝ። እናቱ ይህን አላወቀችም።

ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ሆቴሉ ሲከበብ ታላቅ ወንድሙ ከሥራ ገብቶ እጁን እያሞቀ ከኋላችን ቆሞ ነበር። ልጁም ሳይዞር፣ «አያ፣ በመስኮት ውጣ ይለኛል፤ እኔ ግን በበሩ ነው የምወጣው» አለ። ታላቁ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ፣ «በመስኮት ብትወጣም አይቀየምህም እኮ፤ እንድትሄድለት ነው የሚፈልገው» አለው። ከዚያም በበርጩማ ተቀምጦ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይለይ፣ «እኔ በዚያ ሰሞን እህል የቀመስሁት እናንተ ወጥታችኋል ብዬ ነው። እዚህ ብትሆኑ ኖሮ አልችለውም ነበር» አለ። አያቱን በጓዳ አስተኝቶ በጨለማ በሶ እየበጠበጠ ያጠጣት እንደ ነበረ፣ እርሷም ማር አንሶታል እያለች ትቈጣው እንደ ነበረ ነገረን። እናቴን ስለማውቃት ይህ እውነት መሆኑን አልተጠራጠርሁም። ሌላ ነገርም ተናገረ፤ እርሱ ግን የቤታችን ነው። በሥዕሉ ላይ የእንጨት ፊት ያላቸው ወታደሮች በሩን ሲሰብሩ ማንም ወደ እነርሱ አልተመለከተም፤ ዴንተን በዚያች ሌሊት ወድቆ ተያዘ፤ ልጁም ከተቀመጠው መዝገብ በማግሥቱ እንደ ገና ጀመረ።

ወንድማማቾቹን ያነጋገራቸው ጨዋታው ነው ብዬ አላጋንንም፤ ምናልባት ቀኑ ደርሶ ነበር። ነገር ግን እኅቴ ጠዋት ይህን ስነግራት፣ ከጨዋታው ጋር የነበራት ጠብ በረደ። የፍርዴም ቃል ይህ ነው፤ ልጁ ይጫወት፤ ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ይስማ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት አይለፍ፤ ጥናቱ ሳያልቅም ኮምፒዩተሩ አይከፈት። እናቱ ባለችበት ክፍል የተኩስ ድምፅ ከእንግዲህ አይሰማም። ሁለቱም ተስማምተው ፈረሙ ለማለት ያህል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጨዋታው ሦስት ፍጻሜ አለው። ልጁ ሦስቱንም ከመጨረሻው ደጃፍ ላይ ለየብቻ መዝግቦ አስቀምጦ፣ የትኛውን ልምረጥ እያለ ሰነበተ። አንድ ቀን እናቱ ጥጥ እየፈተለች፣ «ይህ ነገርህ መቼ ነው የሚያልቀው?» ብትለው ሦስቱን አስረዳት። በመጀመሪያው ጥቂት ዐዋቂዎች በስውር ሆነው ዓለምን ይገዛሉ። «ያልታየ ገዥ በምን ይከሰሳል?» አለች። በሁለተኛው ዴንተን ከአንድ ታላቅ ኮምፒዩተር ጋር አንድ አካል ሆኖ ዓለሙን ያስተዳድራል። በዚህ ላይ ጥቂት አሰበችና፣ «ጉቦስ አይበላም፤ ግን ልጅዋ የጠፋባት ሴት ሄዳ ለማን ታለቅሳለች?» አለች። በሦስተኛው የዓለም የመገናኛ መሣሪያ ሁሉ ይጠፋል፤ ስውሮቹ ኃያላን መረባቸው ይበጠሳል፤ ሰው ሁሉ በየከተማው በየመንደሩ ራሱን ችሎ እንደ ቀድሞው ይኖራል። እኔ ይህን ትወድደዋለች ብዬ ነበር፤ ልጁም እንዲሁ። እርሷ ግን እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ልጄ፣ በዚያ ጊዜ ገጠር ሆነን አሥር ቀን ሙሉ ስልኩ አልገባ ብሎኝ፣ ወንድምህና እናቴ ይኑሩ ይሙቱ ሳላውቅ ኮረብታ ለኮረብታ ስዞር አላየኸኝም? ይህን ብቻ አትንካብኝ» አለችው።

ልጁ ሦስተኛውን ከመዝገቡ ደመሰሰው። ከቀሩት ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጥ ግን ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልቈረጠም።